በሜስኪት ቁም ሳጥን ውስጥ የነገሠው ጳጳስ

ኖላዊ ሲተርክ ከዳላስ እስከ ፎርትወርዝ ያለው አስፋልት ጆሮውን ያቀና ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። ማጋነን ቢሆንም ጥቂት ነው። ድምፁ ወፍራም፣ የሞቀ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ዝም የሚያሰኝ፣ ዝም ያለ ባል የሚያናግር ድምፅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የአየር ማረፊያ መንገደኞችን በመኪናው ሲያመላልስ ይውላል። እሑድ ሲሆን ዳላስ ዳር ሜስኪት ያለችው አፓርታማው ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባና የታሪክ ትረካ ቀድቶ ዩቲዩብ ላይ ይለቃል። የጭነት መኪና ነጂዎች እሱን እየሰሙ ኦክላሆማ ላይ መቆም ረስተው ካንሳስ ገብተዋል ይባላል። ይህን የሚለው በእርግጥ ራሱ ኖላዊ ነው።

ቁም ሳጥን ሲባል የአገር ቤቱ እንዳይመስላችሁ። ሰው ገብቶ የሚቆምበት፣ ክሎዜት የሚሉት ጠባብ ክፍል ነው። ግራና ቀኝ የተሰቀለው ልብስ ድምፁን ይውጠዋል፤ የገደል ማሚቶ የለም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው። ኤሲው፣ ማለት የአየር ማቀዝቀዣው፣ ስለሚጮኽ ቀረጻ ሲጀመር መጥፋት አለበት። በቴክሳስ ሐምሌ ኤሲ አጥፍቶ የማያውቅ ሰው ሲኦልን የሚያውቀው በወሬ ነው።

ማርያማዊትን ያገኛት ከሮም የተመለሰች ቀን ነበር። ሻንጣዋን ጫነላት፤ ከኋላ ተቀመጠች። ሌላው ሾፌር ለመንገደኛው ሙዚቃ ይከፍታል፤ ኖላዊ ራሱን ይከፍታል። የአንድ ጥንታዊ ንጉሥ ታሪክ ነበር፤ ንጉሡ ብቻውን በአንድ የጦር ውሎ መቶ ሰው ይጥላል።

«ኤክስኪውዝ ሚ» አለች ልጅቱ ጥቂት ከሰማች በኋላ። «ይሄ ሰውዬ፣ ማለቴ ተራኪው፣ ይዋሻል።»

ኖላዊ በመስተዋቱ አያት። «እንዴት?»

«መቶ ሰው ብቻውን? ሶ፣ ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ? ተራ ይጠብቃሉ?»

«ወረፋ ይዘው ይሆናል።»

ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋን አቋረጠችና አንገቷን አስግጋ ሰማችው። «ቆይ፣ ድምፅህ... አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔው ነኝ» አለ፣ ዘውድ እንደጫነ ሰው ቀና ብሎ።

ጭኗ ላይ ጡብ የሚያክል መጽሐፍ ነበር። ሽፋኑ ላይ አፍንጫው የጎበጠ፣ አገጩ የተደራረበ፣ በወርቅ ካባ የተጀቦነ ሰው ተሥሏል።

«ይሄስ ማነው? ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ ይመስላል።»

«የሮም ጳጳስ ነው። እስክንድር ስድስተኛ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት። ትውልዱ ስፔን ነው፣ ቦርጃ ከሚባል ቤተሰብ። ልጆች ነበሩት።»

«ጳጳስ ሆኖ?»

«ጳጳስ ሆኖ። ደብቆ አይደለም፤ ሴት ልጁን ቫቲካን ውስጥ ነው የዳራት። ሦስት ጊዜ።»

ኖላዊ የአውራ ጎዳናውን መውጫ አልፎት ሄደ። እንዲህ ያለ ታሪክ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማን መውጫ ያያል?

በተራዘመው መንገድ ላይ ሁሉንም ጠየቃት። እዚሁ ነው ያደገችው። ፕሌኖ ከተማ፣ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሥራ በኋላ ታሪክ ትማራለች። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። ቤቷ ደጃፍ ሲደርሱ «ይሄን ሰውዬ በአማርኛ እናንግሠው» አላት። «አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እተርካለሁ።»

«እኔ የማነበው እውነቱን ነው» አለች። «አንተ ግን ትጨምራለህ።»

«ስጨምር አስቁሚኝ።»

እንዲህ ሆኖ ጳጳሱ በሜስኪት ነገሠ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትመጣለች። ኤሲው ይጠፋል፤ በሩ ይዘጋል። እሷ ከእንግሊዝኛው አንድ ገጽ ታነብለታለች፣ እሱ ማይኩን ከፍቶ ያንኑ በአማርኛ ይተርከዋል። የጨመረ እንደሆነ ሌባ ጣቷን ታነሣለች። የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጣቷን እንዳነሣች አሳለፈችው፤ ትምህርት ቤት የምታስፈቅድ ተማሪ መሰለች።

«አራት በቅሎ ነው የሚለው» አለችው። ጳጳሱ ለመመረጥ ሲል ለአንድ ካርዲናል ብር ጭኖ ላከ የሚባለው ላይ ነበሩ። «አንተ አርባ አልክ።»

«አራት በቅሎ ማንን ያስደንቃል? አራት በቅሎ አጎቴ ዘንድም አለ።»

«እሱም ራሱ ሐሜት ነው። 'ተብሏል' በል።»

«'ተብሏል' ካልኩ ሰው ቀበቶውን ፈትቶ ይተኛል።»

«ኖላዊ።»

«እሺ፤ አራት። ግን ትልልቅ በቅሎዎች።»

አድማጩ እንደ ዝናብ ወረደ። ገሚሱ «ይሄ ከሐዲ እንዴት መንበር ላይ ወጣ?» እያለ ይሳደባል፤ ገሚሱ ቀጣዩን ክፍል ይለምናል። ሁለቱ ግን በዚያች ምድጃ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው፣ ላብ ከግንባራቸው እየተንቆረቆረ፣ ከልብሶቹ መካከል ሲተያዩ ከጳጳሱ ሌላ የሚያወሩት እየበዛ መጣ። አንድ እሑድ የጳጳሱ ልጅ ተገድሎ ከወንዝ ሬሳው የወጣበትን ክፍል ቀዱ። ያን ሁሉ ሹመት የሸጠ ሰው በሩን ዘግቶ፣ እህል ሳይቀምስ ሲያለቅስ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ኖላዊ እዚያ ሲደርስ ቃል አጣ። ዝም አለ። እሷም ጣቷን አላነሣችም፤ እጇን ሰደደችና እጁን ያዘችው። ማይኩ ክፍት ነበር።

«ዝምታውን ልቁረጠው?» አላት በኋላ።

«ተወው» አለች። እጁን አልለቀቀችም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን «የሆነ ነገር ልንገርህ» አለችው። «ግን ማይኩን አጥፋው።»

አጠፋው።

አባቷ አቶ ከፍያለው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን ለሁለት በተከፈሉ ጊዜ የአንዱ ወገን ሰብሳቢ ነበሩ። ክርስትና የተነሣሡ ሰዎች በአንድ ፓርኪንግ ቆመው ሰላም መባባል ትተው ነበር። አቶ ከፍያለው ለማስታረቅ ያልረገጡት ደጃፍ፣ ያልያዙት ጉልበት አልነበረም። በመጨረሻ ለሌላው ወገን ሽማግሌዎች «ልጄ ድልድይ ትሁነን» አሉ። ማርያማዊት የዚያኛውን ሰብሳቢ ልጅ እንድታገባ ቃል ሰጡ።

«ሳይጠይቁሽ?» አለ ኖላዊ።

«ሳይጠይቀኝ። ከዛ እኔ ሰማሁና እምቢ አልኩ። ሶ፣ አንድ ቀን ጋራዥ ስገባ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያለቅሳል። ብቻውን። አባቴ እኮ አያለቅስም፤ እናቴ ስትሞት እንኳን ሰው ፊት አላለቀሰም። አየኝና ወረደ፤ 'አጠፋሁ፣ ልጄ' አለኝ። ሄዶ ቃሉን አጠፈ። ለምን ሲሉት፣ 'ሐሳቤን ቀየርኩ' ብቻ አለ። እሷ እምቢ አለች አላለም። እስካሁን ቃል አባይ ይሉታል።» ተንፈስ አለች። «ድልድይ ያለውን እነዛ ጥቂት ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ እነሱም ስለ እኔ ብለው ዝም ብለዋል። ማልቀሱን ግን ማንም አያውቅም። አንተ ብቻ።»

«ከእኔ ጋር ይቀበራል» አለ።

ከልቡ ነበር። ኖላዊ የሚለውን ሁሉ ከልቡ ነው የሚለው። ችግሩ ልቡ ሰፊ ነው፤ በሩም ብዙ።

በዚያው ሳምንት ሊጋቡ ተስማሙ። «አባቴ ሽማግሌ ካልመጣ አይሰማህም» አለችው። ኖላዊም ጋሽ ይርጉን ለመነ። ጋሽ ይርጉ ከአየር ማረፊያ ሾፌሮች ሁሉ አንጋፋው ናቸው፤ የሳቸው ምርቃት ጎማ ይነፋል ይባልላቸዋል። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ቅዳሜ ሊሄዱ ቀጠሮ ተያዘ።

ያን ሳምንት ቀጣዩ ክፍል የጳጳሱ ሴት ልጅ፣ የሉክሬዢያ ጋብቻ ነበር። ማርያማዊት ባንክ ሥራ በዝቶባት «እሑድ አብረን እንቅዳው» ብላው ነበር። አድማጭ ግን እሑድን አያውቅም፤ በየሰዓቱ «የት ጠፋህ?» ይላል። ኖላዊ ረቡዕ ብቻውን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባ።

ታሪኩን አስቀድማ አንብባለታለች። ጳጳሱ ልጁን ለአንድ መስፍን ይድራል፤ መስፍኑ ሳይጠቅመው ሲቀር ጋብቻውን ያፈርስና ለሌላ ይሰጣታል። ነገሩ ያው ነው፤ የጎደለው የጳጳሱ ንግግር ነው። አባት ልጁን አሳልፎ ሲሰጥ ምን ይላል? ኖላዊ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ ቃሉም መጣለት። ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቀውም።

«ልጄ ድልድይ ናት!» አለ ጳጳሱ በኖላዊ ድምፅ፣ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ። «ድልድይ ደግሞ የሚሠራው ሊረገጥ ነው። ረግጣችኋት ተሻገሩ፤ መንበሬ ይጽና!»

መኪና ውስጥ የሚያለቅስ አባት አንድ አፍታ ትዝ አለው። የሚያለቅስ ጳጳስ ግን ትረካውን ያላላል ብሎ ተወው። ሲጨርስ ሸሚዙ ተጨምቆ ባልዲ የሚሞላ ላብ ነበረው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ክፍል ቀድቶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ሆኖ ለቀቀው።

ዓርብ ማርያማዊት ስልኳን አላነሣችም። ሥራ በዝቶባት ነው አለ። የእሱም ጊዜ ከአድማጭ ቁጥር ላይ ዓይኑን ለመንቀል አልበቃውም። ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል፤ የወጣበት ምክንያት ምን እንደሆነ ግን አላጣራም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ፕሌኖ ያለው ቤት ገቡ። ልማዱ ስለሆነ ኖላዊ ከጥግ ባለው ጎዳና መኪናውን ፓርክ አድርጎ ጠበቀ። የፕሌኖ ጎዳና ቅዳሜ ቀን ሰው የሚኖርበት አይመስልም፤ ሣር ላይ ከሚረጭ ውኃ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ሽማግሌ ገብቶ ሲቆይ ደግ ነው ይባላል። እነሱ ግን ቶሎ ወጡ።

ጋሽ ይርጉ የመኪናውን በር ከፍተው ቆሙ። አልገቡም።

«ምን አሉ?»

«ቆመን ልንናገር ስንል 'ተቀመጡ' አሉን። 'ልጁን አውቀዋለሁ፤ ሰምቼዋለሁ' አሉ።»

«ትረካውን?»

«ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩን። ራሳቸው ናቸው፤ የጳጳስ ካባ አልብሰዋቸው፣ ቀይ ቆብ ደፍተውባቸው። ከሥሩ 'ጳጳሱ ከፍያለው' ይላል። ያንተን ድምፅ አስገብተውበታል። የድልድዩን ነገር። የዚያኛው ወገን ጎረምሶች ናቸው አሉ፤ አባቶቻቸው ሰምተው ነገሩን አወቁት፣ ልጆቹም ካባቶቻቸው ሰሙ። አሁን በየቤቱ ገብቷል።» ጋሽ ይርጉ ነጠላቸውን አወረዱ። «እኔ ይሄን ዩቲዩብህን አላይም። ባየው ኖሮ በዚህ እግሬ እዚያ ቤት አልገባም ነበር፣ አንተ ልጅ።»

ኖላዊ ወገቡ ከወንበሩ ጋር የተሰፋ መሰለው። «ተቆጡ?»

«ቢቆጡ በወደድኩ። 'እኔ አንድ ጊዜ በልጄ ላይ ወስኜ ተሳስቻለሁ፤ አሁን እሷ ትወስን' አሉና ተነሥተው ጓሮ ወጡ።»

«እሷስ?»

«እየመጣች ነው። ውረድ።»

በእግረኛው መንገድ ብቻዋን መጣች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሷ ግን እጇን አጣምራ፣ የበረዳት ትመስል ነበር። ጋሽ ይርጉ ራቅ አሉላቸው።

«ስማቸውን አላነሣሁም» አለ ኖላዊ።

«አላነሣህም።»

«ጳጳሱ ነው የተናገረው።»

«ጳጳሱ እንደዛ አላለም። መጽሐፉን አንብቤዋለሁ።»

«አጠፋዋለሁ። አሁኑኑ ዲሊት አደርገዋለሁ።»

«ሰዎች ቆርጠው ወስደውታል፣ ኖላዊ። ያንተን ብታጠፋው እነሱ ጋር አለ። ነገ እሑድ ነው፤ ነገ አባቴ እዛ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል።» ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ደረቅ መሆኑ ነው ያስፈራው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። አልቅሶ ነበር ብዬ ነግሬሃለሁ። ማልቀሱን ለምን አስቀረኸው?»

ከአራት በቅሎ አርባ የሚያወጣው ሰው፣ ከአፉ አንዲት ቃል መውለድ አቃተው።

«ሁልጊዜ ትጨምራለህ፤ እሱን ለምጄዋለሁ» አለች። «እንዲያውም ወድጄዋለሁ። ይሄን ግን ቀነስከው። አባቴ ላይ ካለው ደግ ነገር አንድ እሱን ነው የሰጠሁህ፤ እሱን ጥለህ ሌላውን ያዝክ።»

«ማርያማዊት፣ ከሰማይ በታች፣ ከምድር በላይ ያለውን ሁሉ...»

ጣቷን አነሣች።

«እወድሻለሁ» አለ፣ ምንም ሳያክልበት።

«አውቃለሁ። እኔም።» ድምፏ እዚህ ላይ ተሰነጠቀ። «ግን ያመመኝን ነገር ስነግርህ፣ የት ክፍል ላይ አገኘው ይሆን እያልኩ መኖር አልችልም። አባቴ እኔን ሳይጠይቅ ሰጠኝ፤ እሱ ግን መልሶ ወሰደኝ፣ ስሙንም ሰጠበት። አንተ ምንህን ትሰጣለህ?»

የቆመበት ላይ ትታው ተመለሰች። በሩ ሲዘጋ አልተሰማም፤ የፕሌኖ በሮች ሲዘጉ አይሰሙም።

ኖላዊ ክፍሉን ሰረዘ። እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄዶ አቶ ከፍያለው ፊት፣ ሕዝብ እያየ፣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። «ተነሥ ልጄ፣ ሱሪህ ይቆሽሻል» አሉት፤ ሌላ አልተናገሩም። እሷ በሴቶቹ በኩል ቆማ ነበር። አላየችውም፣ ወይም አይታ አላየችም።

ጳጳሱን ግን ሳይጨርሰው ሊተወው አልቻለም። ያንኑ መጽሐፍ ገዛ። መዝገበ ቃላት ከጎኑ አስቀምጦ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ እየተንቀረፈፈ አነበበው። የሚነበበው ሁሉ በእሷ ድምፅ ነበር የሚሰማው። የቀረውን ብቻውን ቀዳ። የሉክሬዢያን ሦስተኛ ጋብቻ ቀዳ። የጳጳሱን ሞት ቀዳ፤ በነሐሴ ሙቀት አስከሬኑ አብጦ ሣጥኑ እንደጠበበውና እየገፉ እንዳስገቡት፣ የሚያለቅስለትም እንዳልነበረ። ይህን ክፍል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጉጉት ሲጠብቀው ነበር፤ ለብቻው አንድ ሰዓት ሊሰጠው አስቦ። በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። አድማጮቹ «ምነው ቀዘቀዝክ?» አሉት። ጥቂት በጥቂት ወደ ሌላ ተራኪ ሄዱ።

ዓመት አልፎ፣ በጥር ወር አንድ ማለዳ ስልኩ ጮኸ።

«ኖላዊ? ከፍያለው ነኝ። አየር ማረፊያ ታደርሰኛለህ?»

በዳላስ ሐበሻ ሾፌር የማይኖርበት ጎዳና የለም፤ አቶ ከፍያለው ሠፈር ብቻ የሾፌር ጦር ያሰልፋል። እሳቸው ግን እሱ ዘንድ ደወሉ። ኖላዊ መኪናውን ሁለት ጊዜ አጥቦ ሄደ። ሻንጣቸውን ሲያነሣ «እሱን ቀስ» አሉት። «ካባ አለበት።»

«የማን ካባ ነው?»

«የማርያማዊት። ዴንቨር ነች አሁን፤ ሥራ አዛውረዋት። የፊታችን እሑድ ታገባለች። ልጁ ነርስ ነው፤ እሷው ናት የመረጠችው። ዝምተኛ ነው።»

ኖላዊ ሻንጣውን አስገብቶ የኋላውን በር ቀስ አድርጎ ዘጋ። እሳቸው ግን ከፊት፣ ከጎኑ ተቀመጡ። ሬዲዮኑ ዝግ ነበር። አውራ ጎዳናው ላይ ሲወጡ በረዶ የቀላቀለ ካፊያ መስተዋቱን ይመታ ጀመር።

«ሰማሁት የቀረውን» አሉ አቶ ከፍያለው ድንገት።

«ጳጳሱን?»

«አዎ። ልጅቱ ለመጨረሻ ጊዜ ከሮም ስትወጣ፣ በበረዶ፣ አባትየው ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት እየሄደ አያት ያልከው። ከዓይኑ እስክትጠፋ ድረስ።»

«አዎ።»

«ተመልሶ አላያትም አልክ።»

«አላያትም።»

አቶ ከፍያለው ወደ እሱ ዞሩ። «ያ ነገር መጽሐፉ ላይ አለ ወይስ ያንተ ነው?»

ኖላዊ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «መጽሐፉ ላይ አለ፣ ጋሼ። አልነካሁትም።»

«እንግዲያው ይወዳት ነበር።»

«ይወዳት ነበር።»

ተርሚናሉ ደረሱ። ኖላዊ ወርዶ ሻንጣውን አወረደ። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ይገፉታል፤ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ሴት «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለች እጇን ታወናጭፋለች። አቶ ከፍያለው ገንዘብ ሊያወጡ ሲሉ እጃቸውን ያዛቸው። እሳቸውም እጁን መልሰው ጨበጡት።

«ምን ብሎ ላከኝ ልበላት?»

ስንት ነገር ነበረ። አንድ ዓመት ሙሉ በባዶ መኪና፣ ከተርሚናል ተርሚናል፣ ጮክ ብሎ ሲለማመደው የኖረ የይቅርታ ቃል ነበረ፤ ድንጋይ ያስለቅስ ነበር። ኖላዊ ያን ሁሉ ትቶ ጎንበስ አለና የሻንጣውን ዚፕ ከፈተ። ከላይ የነበረውን ካባ በስሱ ወረቀት እንደተጠቀለለ አወጣው። ጥቁር ከፋይ ነው፤ ጥልፉ ወርቅ። ለሁለት አጠፈና በአቶ ከፍያለው ክንድ ላይ አደረገላቸው።

«ይሄን ከሻንጣ ጋር እንዳይሰጡት» አላቸው። «ይጨማደዳል፤ ሊጠፋም ይችላል። በእጅዎ ይያዙት። መቀመጫዎ ሲደርሱ ከላይ አይጫኑት፤ ጭንዎ ላይ ያድርጉት።»

አቶ ከፍያለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ካባውን ሕፃን እንዳቀፈ ሰው ታቅፈው በመስተዋት በሩ ገቡ።